የሳቅ ማኅበርተኞች መርዶ

ሰው በሬሳ ዙሪያ ቆሞ ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ሴንት ሉዊስ ፓርክ፣ አንድ አፓርታማ ምድር ላይ ባለው የጋራ አዳራሽ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ሬሳው በኋላ ተነስቶ ሻይ ጠጥቷል። እኔ ግን የዚያን ቀን ድንጋጤዬን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የሆም ኬር ሥራ፣ አቅመ ደካማን በየቤቱ መንከባከብ ማለት ነው፣ ከጀመርኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። ኤጀንሲው የመደበኝ ለአንድ ሽማግሌ ነው፤ የሂሳብ አስተማሪ የነበሩ፣ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ልባቸው የደከመ ሰው ናቸው። በስሜ ጥሪኝ ቢሉኝ አፌ እምቢ አለ። ሽበታቸው ትከሻቸው ድረስ የወረደ ሰው በምን አንጀቴ በስም እጠራለሁ? «ጋሼ» አልኳቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸውና ማዕረግ የተሰጣቸው ይመስል ለፎቁ ነዋሪ ሁሉ አወሩ።

ያን ቅዳሜ «እንግዶች አሉብኝ፣ ሾርባውን ታች አምጪልን» ብለውኝ ወረዱ። ትሪ ተሸክሜ በሩን በእግሬ ስገፋው አንድ በጣም ረጅም ሽማግሌ ጠረጴዛ ላይ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ዓይናቸው ተከድኗል፣ እጃቸው ደረታቸው ላይ ተጣምሯል፣ ግንባራቸው ላይ ሦስት ቴምብር ተለጥፏል። ዙሪያቸውን የከበቡት ሰባት ስምንት ሰዎች ትንፋሻቸውን ውጠው ቆመዋል። አንደኛው ጺማቸውን አንዠርግገው የአበባ ቀሚስ ለብሰዋል። ጋሼ ራሳቸው ሰማያዊ ቆብ ደፍተው የሬሳውን እግር ይመዝናሉ።

«ወይኔ! ሰው ሞተ!» ብዬ በአማርኛ ጮኽኩ። ትሪው ከእጄ ወድቆ ሾርባው ምንጣፉን አጠበው። በስልጠና የተማርኩት ትዝ አለኝና ደረታቸውን ልጫን ዘልዬ ስደርስ፣ ሬሳው አንድ ዓይኑን ገለጠ። «እመቤቴ፣ እባክዎን እንዳያጣጥፉኝ» አለኝ ፍጹም ትሕትና ባለው እንግሊዝኛ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ወንበር ላይ ወድቄ ውሃ ስጡኝ አልኩ።

ነገሩ የገባኝ ቀስ በቀስ ነው። ከሃምሳ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር ጥቂት የተማሩ ጎረምሶች ተሰባስበው በቴሌቪዥን ጭውውት ይሠሩ ነበር። ወንዶቹ ቀሚስ ለብሰው ድምፃቸውን አቅጥነው ይጣላሉ፣ የከበደ ፊት ያለው ሰው የማይረባ ነገር በቁም ነገር ይናገራል፣ ሲያልቅ ማለቁ እንኳን አይታወቅም። የእኔ ጋሼና ጓደኞቻቸው በወጣትነታቸው ይህን አይተው ተለከፉ። በቃ፣ አልዳኑም። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ይሰበሰባሉ። እኔ ማኅበር እላቸዋለሁ፤ ከእኛ ማኅበር የሚለየው ጻድቅ የሌለው መሆኑ ብቻ ነው።

ጭውውቶቹን ዳዊት እንደሚደግም ሰው በቃላቸው ይሏቸዋል። አንድ ቃል የሳተ እንደሆነ ደወል ይመታል፤ ከመጀመሪያው ይጀመራል። የጥርስ ሐኪም የነበሩት፣ ባለ ቀሚሱ ማለት ናቸው፣ ከሌላ አባል ጋር አራት ዓመት ተኮራርፈው ነበር፤ ምክንያቱ አንዱ ተዋናይ አፍንጫውን ያከከው በቀኝ እጁ ነው በግራ እጁ የሚል ነው። ቤተ መጻሕፍት ትሠራ የነበረች አንዲት ሴትዮ ደግሞ ለንደን ድረስ ሄዳ፣ አንዱ ጭውውት የተቀረጸበት ግንብ ሊፈርስ ሲል ደርሳ፣ አንድ ጡብ ለምና አመጣች። ያ ጡብ በስብሰባው ላይ ወንበር አለው። ፊቱ ሳህን ይቀመጣል። እኛስ ጠበል ይዘን ነው የምንመለሰው፤ ጡብ አቅፎ ውቅያኖስ የሚሻገር ሰው አይቼ ስለማላውቅ አፌን ይዤ ቀረሁ።

ጠረጴዛ ላይ የተኙት ረጅሙ ሰውዬ የጋሼ የልብ ጓደኛ ናቸው። የከተማው ቀላል ባቡር ከመግባቱ በፊት ዩኒቨርሲቲ አቬኑ በሚባለው ጎዳና ላይ አውቶቡስ ይነዱ ነበር። የሁለቱ ጭውውት የፖስታ ቤቱ ነው። አንድ ሰው ራሱን በፖስታ ለመላክ ይመጣል፤ ሠራተኛው ሳይገርመው ይመዝነዋል፣ ቴምብር ይለጥፍበታል፣ የሚሰበር ነገር እንዳለበት ይጠይቀዋል። ሠራተኛው ጋሼ፣ የሚላከው ረጅሙ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳይለዋወጡ ይህንን ነው የሠሩት። ከዚያ ቀን በኋላ ጩኸቴን ጭውውቱ ውስጥ እናስገባው ተብሎ ድምፅ ተሰጠ። የጥርስ ሐኪሙ ብቻ «በዋናው ላይ የምትጮህ ሴት የለችም» ብለው ተቃወሙና ተሸነፉ። እኔም በየወሩ መጮህ ሥራዬ ሆነ።

የጋሼ ፍሪጅ ላይ አንድ ያረጀ ወረቀት ተለጥፏል። «የቀረው የሄደውን ያስተናግዳል» ይላል፤ የሁለቱም ፊርማ አለበት። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቃቸው፣ አንዳችን ስንሞት ሌላው ቆቡን ደፍቶ የሬሳ ሳጥኑ ፊት ይቆማል አሉኝ። ሳጥኑን ይመዝናል፣ ቴምብር ይለጥፋል፣ ይጠይቃል። ሟቹ የሚመልስበት ቦታ ላይ ዝም ይላል። ሦስት ደቂቃ ነው፤ ሰው ሁሉ ይስቃል። ከዚያ ይቀበራል።

ሳቅኩ። ምን ላድርግ? እነዚህ ሰዎች የማይቀልዱበት ነገር የለም። የቱ ቀልድ፣ የቱ ቃል ኪዳን እንደሆነ በምን ልወቅ?

ባለፈው መስከረም ጋሼ ልባቸውን ኦፕሬሽን ተደረጉ። ወደ ቤት በመለሷቸው በሦስተኛው ቀን፣ ተኝተው ሳለ ስልካቸው ጮኸ። አነሳሁት። የረጅሙ ሰውዬ ልጅ ናት።

«አባቴ ዛሬ ጠዋት ሞተ» አለችኝ። «ንገሪያቸው። ቀብሩ አርብ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነው። እሳቸውን እንጠብቃለን።»

ክው አልኩ። በሰውዬው መሞት ብቻ አይደለም። ሞት እንዲህ በስልክ፣ እንደ ቀጠሮ፣ ከነሰዓቱ ይነገራል? ደረቱ ገና በክር ለተያዘ ሰው «ተነሱ፣ ጓደኛዎ ሞቷል» ተብሎ ይነገራል? በእኛ አገር ለታመመ ሰው መርዶ አይረዳም። እስኪበረታ ይጠበቃል፤ ከዚያ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ቤቱ ሄዶ ነው። ይህንን ሳልማር የማውቀው ነገር ነው። ሁለት ጊዜ አላሰብኩም። «በጣም ደክመዋል፣ መምጣት አይችሉም» አልኳት። የጥርስ ሐኪሙም ጋ ደውዬ ያንኑ ነገርኳቸው። እባካችሁ ለጊዜው እንዳትደውሉላቸው፣ ሐኪም ከልክሏል አልኩ። ማንም ሐኪም አልከለከለም። ግን የምንከባከባቸው እኔ ነኝና አመኑኝ።

በማልገባበት ቀን የምትተካኝ የጅማ ልጅ አለች። ጋሼ እንዳይሰሙኝ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ደወልኩላት።

«አረ በአላህ እንዳትነግሪያቸው!» አለችኝ። «ኦፕሬሽን ያደረገ ሰው እኮ ነው። ሃርታቸው ስቶፕ ቢያደርግ ማን ሊጠየቅ ነው? እኔም በሺፍቴ ስልኩን ሃይድ አደርገዋለሁ።»

ብሩክሊን ሴንተር ቤቴ ስገባ ለልጄ አወራኋት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች።

«ማሚ፣ ዩ ካንት ዱ ዛት!» ብላ ከሶፋው ተነሳች። «ሂስ ቤስት ፍሬንድ ዳይድ!» የልብ ጓደኛቸው ሞቶ እንዴት ትደብቂያቸዋለሽ ማለቷ ነው።

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ፣ ወግ የማታውቂ!» አልኳት። ማን ወግ እንደማያውቅ ያን ጊዜ እርግጠኛ ነበርኩ።

ጋሼ በየቀኑ ስለ ጓደኛቸው ይጠይቁኝ ጀመር። ለምን አይደውልም? ለምን አይመጣም? ጉንፋን ይዟቸዋል፣ እንዳያስተላልፉብዎ ነው አልኳቸው። ውሸቴ አማረብኝ። ሐሙስ ዕለት ግን ስልኬን ካላመጣሽ ብለው አስጨነቁኝና ሰጠኋቸው። ወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። ድምፁን ከፍ አድርገው ደወሉ፤ ጠርቶ ጠርቶ የረጅሙ ሰውዬ የተቀረጸ ድምፅ ቤቱን ሞላው። «አሁን መንገድ ላይ ነኝ፤ መልእክትዎን ይተዉልኝ» ይላል ሟቹ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የፖስታ ቤቱን ሠራተኛ ሆኑ። «የእርስዎ ጥቅል እስካሁን አልደረሰንም፤ ተሰብሮ ይሆን ወይስ ሰንፎ?» አሉ። ቀጠሉ፣ ቀጠሉ፣ በደከመ ድምፃቸው እየሳቁ፣ ደረታቸውን በትራስ ደግፈው። እኔ የእቃ ማጠቢያውን ጠርዝ በሁለት እጄ ይዤ ቆሜያለሁ። ውሃው ፈሶ ፈሶ እግሬን ሲያርሰኝ ነው የነቃሁት። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ፈራሁ።

አርብ መጣ። አምስት ሰዓት ሲሆን አጃ አብስዬ አቀረብኩላቸው። ዓይኔን ከምድጃው ሰዓት ላይ መንቀል አቃተኝ። «ቀጠሮ አለሽ እንዴ?» አሉኝ። የልጄ ትምህርት ቤት ነው አልኩ። አጃቸውን ጨርሰው ጥሩ ነበር አሉኝ።

ሳምንት ቆይቼ፣ ጋሼ ያለ ምርኩዝ መታጠቢያ ቤት ሲደርሱ ባየሁ ጊዜ፣ በቃ በርትተዋል ብዬ የጥርስ ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። መርዶ ልናረዳቸው ነው፣ ተሰብስባችሁ ኑ አልኳቸው።

«አያውቁም?» አሉኝ።

«አያውቁም።»

«መምጣት አቃታቸው አልሽን እንጂ አያውቁም አላልሽንም።»

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጥቁር ልብሳችሁን ለብሳችሁ፣ ጫጫታ ሳታሰሙ አልኳቸው። እሺ አሉ።

እኔ ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ በር ላይ ጠበቅኳቸው። ሊፍቱ ሲከፈት ስድስት ሰው ወጣ። ሁሉም እንዳዘዝኳቸው ጥቁር ለብሰዋል። ሁሉም ደግሞ የፖስታ ቤት ሠራተኛውን ሰማያዊ ቆብ ደፍተዋል። ሴትዮዋ ጡቧን አቅፋለች።

«ቆቡን አውልቁ! ሰው እኮ ነው የሞተው» አልኩ በሹክሹክታ።

የጥርስ ሐኪሙ ዓይናቸው ደም ለብሷል፤ ሌሊቱን ያልተኙ ይመስላሉ። «እኛ ሐዘን ስንደርስ የምናደርገው ይህንን ነው» አሉኝና አልፈውኝ ገቡ።

ያሰብኩት ሥርዓት ነበረኝ። መጀመሪያ ፊታቸውን ይታጠባሉ፣ ቁርስ ይቀምሳሉ፣ ከዚያ በዕድሜ የገፋው ቃሉን ያወጣል። ጋሼ ግን አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ተቀምጠዋል። ቆቦቹን አዩ። ከዚያ ክፍል ውስጥ ተማሪ እንደሚቆጥር አስተማሪ በጣታቸው ቆጠሯቸው። ጣታቸው መጨረሻው ላይ አየር ላይ ቆመ።

«መቼ?» አሉ።

«አሥራ አንድ ቀን ሆነው» አሉ የጥርስ ሐኪሙ።

«ተቀበረ?»

«አርብ ሳምንት።»

«ሳጥኑ ፊት ማን ቆመ?»

የመለሰችው ሴትዮዋ ናት። «ማንም አልቆመም። ያ ቦታ የአንተ ነው። በቃሬዛም ቢሆን ትመጣለህ ብለን ሃያ ደቂቃ ጠበቅንህ። ሴት ልጁ በሩን በሩን ስታይ ነበር። በመጨረሻ የቀብር ሠራተኞቹ ሰዓታቸውን አሳዩን።»

ጋሼ ወደኔ ዞሩ። «ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ስልኩ ላይ ሳወራ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቢሰድቡኝ በስንት ጣዕሙ። መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ ደረቴን እየደቃሁ አለቀስኩ። ለረጅሙ ሰውዬ እስከዚያ ቀን ያለቀሰላቸው ሰው አላየሁም ነበር፤ እኔ አለቀስኩላቸው። ባለ ቆቦቹ በተራቸው ደነገጡ። አንዷ ውሃ አመጣችልኝ፣ ሌላው አምቡላንስ ልጥራ ወይ ብሎ ጠየቀ።

ያባርሩኛል ብዬ ነበር። በየቀኑ የኤጀንሲውን ስልክ ስጠብቅ ሁለት ሳምንት አለፈ። ጋሼ መድኃኒታቸውን ከእጄ ይወስዳሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ሌላ የለም። ሐኪሙ ከቤት መውጣት ይችላሉ ባለ ማግስት «መካነ መቃብሩ ጋ ውሰጂኝ» አሉኝ። ድራይቭ አደረግኩ። ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን ጨርሷል። ማኅበርተኞቹ ቀድመው ደርሰው፣ ቆባቸውን ደፍተው፣ ድንጋይ ገና ያልቆመበት አዲስ አፈር ዙሪያ ቆመዋል።

ጋሼ ቆቡን ደፉ፣ ሚዛኑን አፈሩ ላይ አስቀመጡ። «ተረኛ!» ብለው ተጣሩ። ጠበቁ። «ወዴት ነው የሚላኩት?» ጠበቁ። ሴትዮዋ ልትስቅ ሞክራ ተወችው። ሌላ የሳቀ የለም። በሬሳ ሳጥን የሚስቁት ሰዎች፣ በሁሉም ነገር የሚስቁት ሰዎች፣ ጫማቸውን እያዩ ቆሙ። ጋሼ ቴምብሩን አውጥተው ያዙት። የሚለጥፉበት ነገር አልነበረም። ሃምሳ ዓመት ሳያቋርጡ የሠሩትን ጭውውት መሀሉ ላይ ተዉት።

«ለሳጥን ነው እንጂ ለመሬት አይሆንም» አሉ። «ዕቃው ሄዷል።»

ያን ቀን ያየሁትን የመሰለ የሚያስደነግጥ ነገር አላየሁም። ሰባት ሽማግሌዎች፣ አንድም የማይስቅ። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

መኪናው ውስጥ ማሞቂያውን ከፍቼ መኪናውን ሳላንቀሳቅስ ተቀመጥን። ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኩ። ክፋት አልነበረም፣ በእኛ አገር የምንወደውን ሰው በመርዶ አናስደነግጥም፣ እኔንም የአባቴን መርዶ ያረዱኝ እንዲሁ ነው፣ እንዲያውም ቆይተው ነው አልኳቸው።

«ምን ያህል ቆይተው?» አሉኝ። አስተማሪ ሆኑ።

«ሁለት ወር ከምናምን።»

«በነዚያ ሁለት ወራት ትደውይ ነበር?»

«በየእሁዱ።»

«ምን ይሉሽ ነበር?»

«ተኝቷል ይሉኛል። ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፣ ሰላም ብሏል ይሉኛል።»

«አንቺስ?»

«ሰላም በሉልኝ እላለሁ። ጫማ ላክሁለት፤ የክረምት ጫማ።»

ጋሼ የመስኮቱን ጉም በእጃቸው ጠረጉ። «ጫማውን ማን አደረገው?» አሉ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ስልኬን አውጥቼ አዲስ አበባ እህቴ ጋ ደወልኩ። ከሰላምታ በፊት ጠየቅኳት።

«ምነው፣ ዛሬ ምን አስታወሰሽ?» አለች።

«ለአባባ የላክሁትን ጫማ ማን አደረገው?»

«ባለቤቴ» አለች።

«ልኩ ሆነ?»

«ቁጥር ስትጠይቂኝ የእሱን ነው የነገርኩሽ። አባባ ከተቀበረ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ምን ልበልሽ ታዲያ?»

ቁጥሩ አርባ አራት ነበር። ጫማ ቤቱ ውስጥ ቆሜ፣ የአባባ እግር ይህን ያህላል እንዴ ብዬ ተገርሜ፣ አንዱን ጫማ ደረቴ ላይ አስደግፌ ለክቼው ነበር።